ቦታችሁ ዋልካ መሆን አለመሆኑን ቤት ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁ እንዴት ትፈትሻላችሁ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከቦሌ አራብሳ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «አፈሩ ጥቁር ነው፣ ዋልካ ነው አይደለም? ፋውንዴሽኑን ስንት ሜትር ላስቆፍር?» ከስሩ ደግሞ በስልክ የተነሳ ፎቶ ይከተላል። ወገን፣ ዋልካ ማለት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ አፈር ነው፣ በፎቶ የሚታየው ግን ቀለሙ ብቻ ነው። ጥቁር የሆነ ሁሉ ዋልካ አይደለም፣ ቀይ የሆነም ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ፣ አፈራችሁ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል አያብጥም፣ ሲደርቅስ ምን ያህል ይኮማተራል የሚለውን በቀላል እቃ እንዴት እንደምታዩት ከነምክንያቱ እዚሁ ልጻፈው። ከቁፋሮ እስከ ውጤት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ አብዛኛው ጊዜ አፈር እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

«ስንት ሜትር» ለሚለው ግን መልስ እዚህ አትጠብቁ። እሱ የቤቱን ክብደት፣ የአፈሩን የመሸከም አቅም፣ የውኃውን ሁኔታ አይቶ መሃንዲስ የሚወስነው ነው። እዚህ የምታገኙት ውጤት የአፈር ላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም። ጥቅሙ ምርመራው የት ላይና ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃችሁ መጠየቃችሁ፣ «ኧረ ችግር የለውም ግንቡን ጀምሩ» የሚላችሁን ኮንትራክተርም ዝም ብላችሁ አለማመናችሁ ነው።

ምን እየፈለግን እንደሆነ ባጭሩ

አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፣ ባብዛኛው ባዛልት። ይሄ ድንጋይ እየበሰበሰ አፈር ሲሆን ውጤቱ እንደ ቦታው ይለያያል። ተዳፋት ላይ፣ ለምሳሌ እንጦጦ ስር፣ ዝናቡ አጥቦ ይወርዳል፣ ማግኒዥየሙና ካልሲየሙ ተጠርጎ ይሄዳል፣ ብረቱ ይቀራል፣ አፈሩ ቀይ ይሆናል። ሜዳ ላይ ደግሞ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ገላን ስትወርዱ ማለቴ ነው፣ ውኃው ስለሚተኛ ንጥረ ነገሩ እዛው ይቀርና ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ይፈጠራል። ይሄ ማዕድን በጣም ስስ የሆኑ ንጣፎች ተደራርበው የተሰራ ነው፣ ውኃ በንጣፎቹ መሃል ይገባና ያራርቃቸዋል፣ ሲደርቅ መልሰው ይጠጋጋሉ። ቤት የሚሰነጥቀው እንግዲህ ይሄ መነሳትና መውረድ ነው። ቤቱ ባንዴ እኩል ቢነሳ ኖሮ ብዙም አይጎዳም ነበር፣ ችግሩ የቤቱ ጠርዝ ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ መሃሉ ግን ጣሪያ ስለከለለው ያን ያህል አይረጥብም፣ በዚህ ልዩነት ግድግዳው ይቀደዳል። ከባድ ፎቅ በክብደቱ አፈሩን ትንሽ ይጫነዋል፣ በብዛት የሚጎዳው አጥር፣ ሰርቪስ ቤትና ጂ ፕላስ ዜሮ (ፎቅ የሌለው) ቀላል ቤት ነው።

የሚያስፈልጉ እቃዎች

- ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖ
- ሜትርና ማርከር
- ወፈር ያለ ፌስታል (ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ)
- ጥሩ የዱቄት ወንፊት፣ ወደ ማዕድ ቤት የማይመለስ
- ሙቀጫ ወይም ድንጋይና ጣውላ
- ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፣ ቀጥ ያለና ጎኑ ያልተቦረቦረ ቢሆን ይሻላል
- ሁለት ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (ፋርማሲ አለ)፣ የላብራቶሪ እቃ የሚሸጥበት ቦታ ቅርብ ከሆነላችሁ ደግሞ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር
- አንድ ብርጭቆ የማትሞላ ላምባ
- የታሸገ የመጠጥ ውኃ
- 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ መስመር የፕላስቲክ ቱቦ፣ ባለ 25 ሚሊ ሜትር፣ በቁመቱ ለሁለት የተሰነጠቀ
- ቫዝሊን ወይም ዘይት
- ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና
- ደብተር

ካገኛችሁ ደግሞ የወርቅ ቤት አይነቷን ትንሽዬ ዲጂታል ሚዛን ተዋሱ፣ ግዴታ ግን አይደለም።

ጥንቃቄ፣ ይሄን ሳታነቡ ዶማ አታንሱ

የጥቁር አፈር ጉድጓድ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ያታልላል። ውስጡ ግን አስቀድሞ የተሰነጠቀና እርስ በርሱ ተፋትጎ የለሰለሰ ገጽ አለው፣ በዛ ገጽ ላይ ግማሽ ግድግዳ ባንዴ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከ1.2 ሜትር በላይ ወደጠለቀ ድጋፍ የሌለው ጉድጓድ ማንም አይግባ፣ የቀን ሰራተኛም ቢሆን። ከዛ በታች ያለውን አፈር ከፈለጋችሁ ጉድጓዱን 1 ሜትር ላይ አቁሙና ወለሉን በዲጂኖ ጠበብ አድርጋችሁ ቦርቡሩት። ክረምት ላይ አትቆፍሩ። የውኃ ወይ የመብራት መስመር በቦታው ያልፍ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። የቆፈራችሁትን ሳትከድኑ አትሂዱ፣ ህጻናትም ከብቶችም ያልፋሉ። ላምባውን ደግሞ ከምድጃና ከሻማ አርቁት፣ ጠርሙሱ ላይ «ላምባ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ምክንያቱም ሃይላንድ ውስጥ ያለ ላምባ ውኃ ነው የሚመስለው።

ደረጃ 1. መሬቱንና ጎረቤቱን አንብቡ

ከመቆፈራችሁ በፊት ግማሽ ቀን ሰፈሩን ዙሩ። ይሄ ነጻ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

መጀመሪያ የድሮ ነዋሪ ፈልጋችሁ መሬቱ ላይ ምን ይዘራ እንደነበር ጠይቁ። ክረምቱ ወጥቶ ዝናብ ካቆመ በኋላ ሽምብራ ወይ ጓያ ይዘራ ከነበረ፣ መሬቱ ውኃ ይዞ የሚያቆይ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ የዋልካ ጸባይ ነው። አባቶች የሚያውቁት ነገር ስለሆነ «እዚህ ኮቲቻ ነው» (በኦሮምኛ ጥቁር አፈር ማለት ነው) ካሏችሁ በቁም ነገር ያዙት።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፈልጉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያልተገነባበት ሜዳ ላይ ሂዱ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ስደዱበትና ጥልቀቱን ለኩ፣ ደብተር ላይ ጻፉት። ሽቦው ግማሽ ሜትርና ከዛ በላይ ከገባ አፈሩ እስከዛ ድረስ እየረጠበና እየደረቀ ነው ማለት ነው፣ ላይ ላዩን የጠፈጠፋችሁት መሰረት ደግሞ እዛው የሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ያርፋል።

ከዛ የጎረቤት ቤት። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ክረምት ላይ አልዘጋ የሚል በር፣ መሃሉ የተነሳ ሊሾ፣ እየተወላገደ የሄደ የብሎኬት አጥር። ሰው ቤቱ መሰንጠቁን ለመናገር ያፍራል፣ ስለዚህ በትህትና «እኛም ልንሰራ ነው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጎረቤት ካለ ደግሞ እድለኛ ናችሁ፣ ዳር ሆናችሁ ጥቁሩ አፈር ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልቅና ከስሩ ምን እንደመጣ አይታችሁ ጻፉ።

ደረጃ 2. ጉድጓድ ቆፍሩ

ቢያንስ ሶስት ቦታ። አንዱ ቤቱ የሚያርፍበት መሃል፣ ሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘን ላይ። አንድ ጉድጓድ ለምን አይበቃም ካላችሁ፣ በአንድ 200 ካሬ ውስጥ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ ስስ አፈር ሊሆን ይችላል፣ እንዲህ አይነት ቦታ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነው ይብሳል። ግማሹ ቤት እየተነሳ ግማሹ አለት ላይ ቁጭ ይላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዳር ዳር ያሉ አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ከሌላ ሳይት የመጣ ካርታወይ (ተቆፍሮ የተጣለ አፈር) ብዙ ቦታ ተደፍቷል። ከላይ ያለው አፈር የናንተ ላይሆን ይችላል። ቁራጭ ፌስታል፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ገረገንቲ፣ የተደባለቀ ቀለም ካያችሁ ድልዳል ነው፣ እስኪያልቅ ቆፍራችሁ ናሙናውን ከስሩ ውሰዱ። ድልዳሉ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ነው፣ ውፍረቱን ጻፉና ለመሃንዲሱ ንገሩት።

ደረጃ 3. ናሙና ውሰዱ

ከእያንዳንዱ ጉድጓድ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ፣ 1 ሜትር ላይ አንድ፣ ቀለሙ የተቀየረበት ቦታ ካለ እዛ ላይ ሌላ አንድ። ሳር ስር ያለበትን የላይኛውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተዉት፣ ስርና ብስባሽ ስላለው ውጤት ያዛባል፣ ከመሰረት ስር ደግሞ ለማንኛውም ተጠርጎ የሚነሳ ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ይበቃል። ፌስታሉ ላይ ወዲያው «ጉድጓድ 1፣ 50 ሴ.ሜ» ብላችሁ ጻፉ። በኋላ አስታውሰዋለሁ የሚባል ነገር የለም፣ ጥቁር አፈር ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው።

ጓሉን ስትሰብሩት ውስጡን እዩ። ዘይት የተቀባ የሚመስል የሚያብረቀርቅ፣ ጭረት ያለበት ለስላሳ ገጽ ካለው አፈሩ ውስጥ ለውስጥ ሲያብጥ እርስ በርሱ እየተፋተገ ነው የኖረው። ይሄ ብቻውን ጠንካራ ምልክት ነው።

ደረጃ 4. በእጅ

ትንሽ አፈር በውኃ አርጥባችሁ እንደ ሊጥ እሹት፣ ድንጋዩን ልቀሙ። በመዳፋችሁ መሃል አንከባልላችሁ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ለማውጣት ሞክሩ። ሳይበጠስ ረዘም ያለ ክር ከወጣና ጠምዝዛችሁት ካልተሰበረ ሸክላው ብዙ ነው። እየተበጣጠሰ እምቢ ካለ ደለል ወይም አሸዋ ይበዛዋል። ከዛ የሎሚ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ሰርታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ፣ ከደረቀች በኋላ በአውራ ጣት መስበር ካልቻላችሁ ያው ሸክላ ነው።

ይሄ ፈተና ግን ሸክላ መሆኑን እንጂ የሚያብጥ ሸክላ መሆኑን አይነግራችሁም። የእንስራ ሸክላም እኮ ክር ይወጣዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ይደመድማል፣ አትቁሙ።

ደረጃ 5. አድርቁ፣ ውቀጡ፣ ንፉ

አፈሩን ላስቲክ ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፣ ጤዛ ይመልሰዋል። በእጅ ስትይዙት ቅዝቃዜ እስከማይሰማችሁ ድረስ ይድረቅ። ቸኩላችሁ ምጣድ ላይ እንዳትቆሉት! ኃይለኛ እሳት የሸክላውን ማዕድን ራሱን ይቀይረዋል፣ የተቆላ አፈር እምብዛም አያብጥም፣ እናንተም «ተመስገን ዋልካ አይደለም» ብላችሁ ትሰራላችሁ።

ከደረቀ በኋላ ውቀጡና በዱቄት ወንፊት ንፉ። ደቃቅ መሆኑ የሚጠቅመው ውኃው ሁሉም ቅንጣት ጋ ባንዴ እንዲደርስ ነው፣ ጓል ካለ ውጩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ ይቀራል። በላብራቶሪ የሚጠቀሙት ወንፊት ቀዳዳው 0.425 ሚሊ ሜትር ነው፣ ደህና የዱቄት ወንፊት ከዛ ብዙ አይርቅም። ስትወቅጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ደረጃ 6. የሃይላንድ ፈተና

ሃይላንዱን አንድ ሶስተኛ በአፈር ሙሉት (ያልተነፋውንም መጠቀም ይቻላል፣ ጓሉ ይድቀቅ እንጂ)፣ እስከ አንገቱ ውኃ ጨምሩ፣ ሁለት ሶስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጉበት፣ ሳሙናው ቅንጣቶቹ ተጣብቀው እንዳይወርዱ ነው። አምስት ደቂቃ አጥብቃችሁ ናጡና የማይነካ ቦታ አስቀምጡት። ከ1 ደቂቃ በኋላ የተቀመጠው አሸዋ ነው፣ በማርከር መስመር አስምሩ። ከ2 ሰዓት በኋላ ከሱ በላይ የተኛው ደለል ነው፣ አስምሩ። ሸክላው አንድ ቀንና ከዛ በላይ ይፈጃል፣ ዋልካ ከሆነ ውኃው ለቀናት ሊደፈርስ ይችላል። የሸክላው ንጣፍ ከጠቅላላው ሲሶ ገደማ ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ወደሚቀጥሉት ሁለት ፈተናዎች ግዴታ እለፉ። የሚያብጥ ሸክላ ውኃ ውስጥ ከልኩ በላይ ገዝፎ ስለሚታይ እዚህ ያገኛችሁትን ቁጥር እንደ ትክክለኛ መቶኛ አትቁጠሩት።

ደረጃ 7. የላምባ ፈተና (ዋናው ይሄ ነው)

ሃሳቡ ቀላል ነው። ውኃ በሸክላው ንጣፎች መሃል ይገባል፣ ላምባ ግን አይገባም። ስለዚህ ላምባ ውስጥ ያለው አፈር ሳያብጥ ይቀመጣል፣ ውኃ ውስጥ ያለው ያብጣል፣ ልዩነታቸው የእብጠቱ መጠን ነው። ላምባው ባይኖር አፈሩ መጀመሪያ ስንት ቦታ ይዞ እንደነበር በትክክል አታውቁም፣ ምክንያቱም ደረቅ ዱቄት ስትነካኩት ይጠቀጠቃል።

ሀ. የሁለቱን ሲሪንጅ መግፊያ አውጡ። ጫፋቸውን በሻማ አሙቃችሁ በፒንሳ ጨፍልቁና ድፈኑት፣ ላምባው በዛን ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁን። ውኃ ሞልታችሁ ማንጠባጠብ አለማንጠባጠቡን እዩና አድርቋቸው። ጫፉን ወደታች አድርጋችሁ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አሸዋ የተሞላ ጣሳ ውስጥ ሰኳቸው። ሲሊንደር ያላችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም።

ለ. አንዱ ላይ 40 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ሌላው ላይ 40 ሚሊ ሊትር ላምባ አድርጉ። የታሸገ ውኃ ያልኩት ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውኃ እብጠቱን ስለሚቀንሰው ነው።

ሐ. ከተነፋው ደረቅ አፈር ሁለት እኩል ልክ አዘጋጁ። ሚዛን ካለ 10፣ 10 ግራም። ከሌለ ባለ 10 ሚሊ ሊትር መለኪያ (የሽሮፕ ክዳን ይሆናል) ሳትጠቀጥቁ ሞልታችሁ ላዩን በቢላ ጀርባ ጥረጉት። ዋናው ነገር ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው።

መ. አፈሩን ቆንጠር ቆንጠር እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፣ የቀደመው እስኪሰምጥ ጠብቁ። ባንዴ ከደፋችሁት አየር ይታፈናል፣ ላዩ ላይ ክዳን ሰርቶ ይንሳፈፋል። መጨረሻ ላይ በቀጭን እንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉት፣ አረፋው ይውጣ። ውኃና ላምባውን በአንድ እንጨት እንዳታማስሉ።

ሠ. አፋቸውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት ተዋቸው። ዋልካ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው፣ በማግስቱ አንብባችሁ እንደገና በሶስተኛው ቀን አንብቡ፣ ቁጥሩ ከተለወጠ የመጨረሻውን ያዙ።

ረ. አፈሩ የደረሰበትን ቁጥር በሁለቱም ላይ አይናችሁን እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። ከዛ የውኃው ሲቀነስ የላምባው፣ ለላምባው ሲካፈል፣ ሲባዛ በ100። ለምሳሌ ላምባው 10፣ ውኃው 19 ላይ ከሆነ፣ 9 ሲካፈል ለ10፣ 90 ፐርሰንት።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ከ50 ፐርሰንት በታች ከሆነ እብጠቱ ዝቅተኛ ነው። ከ50 እስከ 100 መካከለኛ ነው፣ አጥርና ሰርቪስ ላይ ሊታይ ይችላል። 100 ካለፈ ቀላል ቤት የሚጎዳ አፈር ነው። 200 ካለፈ ደግሞ በቃ፣ ላቦራቶሪ ሳትሄዱ አንድ ብሎኬት አታስቀምጡ።

ደረጃ 8. የመኮማተር ፈተና

የላምባው ማበጡን ነው የሚያሳየው፣ ይሄኛው ደግሞ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚሸሽ። ሁለቱ ከተስማሙ ውጤቱን ማመን ትችላላችሁ፣ ካልተስማሙ አንዱ ላይ ተሳስታችሁ ሊሆን ይችላል፣ ድገሙት።

ከተነፋው አፈር ሁለት መቶ ግራም ገደማ በውኃ ለውሳችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ አሳድሩት። ሸክላው ውኃውን ውስጡ ድረስ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያልታደረ ለውስ ውጤቱን ያሳንሳል። ጠዋት እንደገና እሹትና ውፍረቱን አስተካክሉ። ትክክለኛው ውፍረት የቱ ነው ካላችሁ፣ ሳህን ላይ ቀብታችሁ መሃሉን በቢላ ሰንጥቁት፣ ሳህኑን መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት፣ 25 ጊዜ ገደማ ላይ ስንጥቁ ከስሩ ከገጠመ ልክ ነው። ቶሎ ከገጠመ ቀጥኗል፣ እምቢ ካለ ደርቋል።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ውስጡን ቫዝሊን ቀቡት፣ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ዝጉ። አፈሩ ቱቦው ላይ ከተጣበቀ መሸሽ አይችልም፣ መሃሉ ላይ ይበጠሳል፣ ቫዝሊኑ ለዛ ነው። ለውሱን ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ሙሉ፣ በየመሃሉ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አድርጉት አየሩ ይውጣ፣ ላዩን አስተካክሉ። ርዝመቱ በትክክል 14 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አረጋግጡ።

የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ባንዴ ካወጣችሁት ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰባበራል። ከጫፎቹ ሲለቅና ቀለሙ ነጣ ሲል ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ርዝመቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ። ዋልካ ከሆነ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ያን ጊዜ የላዩንም የታቹንም ርዝመት በክር ተከትላችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ከተቆረጠ ቁርጥራጮቹን አገጣጥማችሁ ለኩ።

ከ14 ሴንቲ ሜትር የቀነሰው ከ7 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ (5 ፐርሰንት ማለት ነው) አያሳስብም። ከ7 እስከ 11 ሚሊ ሜትር መካከለኛ። ከ11 በላይ ከሆነ ከ8 ፐርሰንት ገደማ አልፏል፣ አሳሳቢ ነው።

ደረጃ 9. ሁሉንም አንድ ላይ አንብቡ

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ጉድጓድና ጥልቀት አንድ መስመር አድርጉ፤ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ ገጽ አለ የለም፣ የላምባ ውጤት፣ የመኮማተር ውጤት። ከዛ ከሁሉም መጥፎውን ውሰዱ። አማካይ አታውጡ፣ ቤቱ የሚሰነጠቀው በአማካዩ ሳይሆን መጥፎው ማዕዘን ላይ ነው።

ሁሉም ዝቅተኛ ከሆነ ደህና ነው፣ መደበኛ ስራችሁን ቀጥሉ። 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ከፍተኛ ሆኖ 1 ሜትር ላይ ዝቅተኛ ከሆነ ጥቁሩ ስስ ነው፣ አስነስቶ መሙላት የሚቻልበት እድል አለ። እስከታች ድረስ ከፍተኛ ከሆነ ወይ ሶስቱ ጉድጓዶች የተለያየ ነገር ካሉ፣ ደብተሩን ይዛችሁ የአፈር ምርመራ የሚሰራ ባለሙያ ጋ ሂዱ፣ ስትራክቸራል መሃንዲሱም ግሬድ ቢሙን (ግድግዳው የሚያርፍበትን የኮንክሪት ማሰሪያ) ምናምኑን ሲሰራ ይሄን ይወቅ። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ቤት አልቆ ከስር መደገፍ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ደረጃ 10. ዋልካ ከሆነ ለመሃንዲሱ የምታነሱት ነገር

ውሳኔው የሱ ነው፣ እናንተ ግን እነዚህን ጠይቁ። ጥቁሩ እስከ ስንት ተነስቶ በምን ይሞላል? ሙሊቱ የማያብጥና በደንብ እየተጠቀጠቀ በንጣፍ በንጣፍ የሚሞላ ሰለክት ማቴሪያል (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) መሆን አለበት፤ አሸዋ ወይ ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ቀይ ጠጠር) ብቻ ከሆነ ዋልካው መሃል የውኃ ገንዳ ቆፈራችሁ ማለት ነው፣ ዝናቡ እዛ ይጠራቀምና ዙሪያውን ያሳብጣል። በኖራ ማከም ይቻላል ወይ? ኖራ ሞንትሞሪሎናይቱን ያረጋጋዋል፣ መንገድ ስራ ላይ የተለመደ ነው፣ ግን በልክ ተቀላቅሎ ተጠቅጥቆ ነው እንጂ ላዩ ላይ በእጅ መበተን ብር መጣል ነው።

ከዛ የውኃ ጉዳይ፣ ይሄ በናንተ እጅ ነው። አሸንዳ ይኑር፣ የሚወርደው ውኃ ከቤቱ ርቆ ይሂድ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ይደረግ፣ ጠርዙ ከመሃሉ ጋር ተቀራራቢ እርጥበት እንዲኖረው ነው። የታንከር ትርፍ ውኃና የልብስ ማጠቢያ ፍሳሽ ግድግዳ ስር አይፍሰስ። ሴፕቲክ ታንክ ከመሰረቱ ይራቅ፣ ዋልካ ውኃ ቶሎ ስለማያሰርግ የሚሞላው ቶሎ ነው፣ ሞልቶ የሚፈሰው ደግሞ ወደ ቤታችሁ ነው። ባሕር ዛፍ ቤት አጠገብ አትትከሉ፣ ስሩ አፈሩን አድርቆ ያኮማትረዋል። ትልቅ ዛፍ ቆርጣችሁ በማግስቱ እዛው ላይ መስራትም ልክ አይደለም፣ ዛፉ ሲጠጣው የነበረው ውኃ ተመልሶ አፈሩን ስለሚያሳብጥ ቢያንስ አንድ ክረምት ቢያልፍበት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ቀለም አይቶ መወሰን። ብስባሽ የበዛበት አፈር ጥቁር ሆኖ ላያብጥ ይችላል፣ ግራጫ ወይ ቡናማ ሆኖ የሚያብጥ አለ።

ክረምት ላይ መሬቱን አይቶ «ስንጥቅ የለውም» ማለት። ክረምት ላይማ አብጦ ስንጥቁን ዘግቶታል፣ በበጋ ተመለሱ።

በደንብ ባልደረቀ አፈር የላምባ ፈተና መስራት። አስቀድሞ ውኃ የጠጣ አፈር ከዛ በላይ ብዙ አያብጥም፣ ላምባ ውስጥም ይጓጉላል፣ ቁጥሩ በሁለቱም በኩል ይበላሻል።

ላምባውን በቤንዚን መተካት። ኧረ በፍጹም፣ ቤት ታቃጥላላችሁ።

የጎረቤትን ውጤት መገልበጥ። በአንድ አጥር ልዩነት የአፈሩ ውፍረት ይቀየራል፣ የሱ ቦታ ላይ ጥቁሩ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ አለቀ ማለት የናንተም እዛው ያልቃል ማለት አይደለም።

«ጥልቅ ብቻ ቆፍር ይያዝልሃል» የሚለውን መስማት። የጠለቀ መሰረት ጥሩ የሚሆነው የማያብጥ ነገር ላይ ካረፈ ነው፣ ዋልካው መሃል ላይ ከቆመ ብረትና ሲሚንቶ ነው የጨመራችሁት። ስለዚህ ቁፋሮው ሲያልቅ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ከወለሉ ላይ አንድ ጭብጥ አፈር ወስዳችሁ የላምባውን ፈተና ድገሙ፣ ቁፋሮውን ለነዛ ሁለት ሶስት ቀናት ከዝናብም ከፀሐይም በላስቲክ ሸፍኑት።

የተጠቀማችሁበትን ላምባ ቦይ ውስጥም መሬት ላይም አትድፉት፣ አፈሩ ሲዘቅጥ አጥልላችሁ ምልክት ያለው ጠርሙስ ውስጥ መልሱት፣ ለቀጣዩ ናሙና ያገለግላል።